ስሳፈር ቀይ ነበርኩ፣ ስወርድ ጥቁር

ታምፐሬ፣ ፊንላንድ
መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደዱት ጋሽ ከተማ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? የእትዬ የሺዓለም ጉልበት ተሻለው? ምኞትዬስ ደህና ናት? አባባና እማማ ደህና ናቸው። አባባ «አጎቴን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ» ብሎኛል፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አላስተማረኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከሌላ አገር የመጣን ወጣቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስለ ማንነታችን እንድንጽፍ ጋብዞናል። የተመረጠው ጽሑፍ በአንድ ገጽ በራሳችን ቋንቋ፣ በፊት ለፊቱ በፊንላንድኛ ይታተማል። እኔ የጻፍኩት እዚህ መጥቼ «ጥቁር» ስለሆንኩበት ነገር ነው። እንዲህ ይጀምራል፦

«አዲስ አበባ አውሮፕላን ስሳፈር ቀይ ነበርኩ። የሰፈሬ ሰው ሁሉ ቀዮ ነበር የሚለኝ። ስወርድ ጥቁር ሆንኩ። በመካከሉ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ዶሮ በሩዝ መብላት ብቻ ነው።»

እርስዎ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረዋል። ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ቃናውንም ይዩልኝ። በስልክ ልልክልዎ ነበር፤ አባባ ግን «ጋሽ ከተማ በቀይ እስክሪብቶ ካልነካካው አነበበ አይባልም» ስላለኝ በየመስመሩ መካከል ሰፊ ቦታ ትቼ አትሜዋለሁ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ አለኝ።

ሲያርሙ አይማሩኝ።
ልጅዎ ሰገን እስጢፋኖስ

•

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

የሰማይ አምላክ በረዶውን ያቅልልሽ፣ እግርሽንም ከመንሸራተት ይጠብቅልሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። የየሺዓለም ጉልበት ዝናቡ ሲያቆም አብሮ አቆመ። ምኞት ከፋርማሲ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መዘምራን ልምምድ ትመላለሳለች። ፒያሳ ስትመጪ ትጠፊባታለሽ፤ መንገዱ ሰፍቶ እንደ ሳሎን ተወልውሏል፤ እኔ አርባ ዓመት ያጎነበስኩበት ማተሚያ ቤት ፈርሶ በቦታው ዛፍ በቅሏል። ዛፉ ስር ተቀምጬ የማርመው ነገር ሲያምረኝ ጽሑፍሽ ደረሰ።

ዶሮ በሩዙ ጋ ስደርስ ኬክ ቤት ውስጥ ማኪያቶዬ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፣ ልጄ፣ አንድም ጊዜ አላሳቅሽኝም። ምን ነካሽ? ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ «ተባልኩ፣ ተጠራሁ፣ ታየሁ፣ ተጠየቅሁ» ብቻ ሆነ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ተደራጊ ግስ! ባዩ ማን ነው? ጠሪው የት ገባ? ጥፋቱ ከነጓዙ ተቀምጦ አጥፊው ከአረፍተ ነገሩ ሾልኮ አምልጧል። እኔ በሥራ ዘመኔ «ስህተት ተፈጽሟል» የሚል ዜና ባገኘሁ ቁጥር ጠርዙ ላይ «በማን?» ብዬ እጽፍ ነበር። ዋና አዘጋጁ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አልወደደኝም።

«ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» የሚል ሐረግ ደግሞ ስድስት ቦታ አለ። አንባቢው ገና ክስ ሳይመሠርት አንቺ መከላከያ ምስክር ታሰልፊያለሽ። ይህ ትሕትና አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ትሕትና አንዴ ይበቃዋል።

አሁን ዋናው። አራተኛው አንቀጽ ላይ «እኔ» የምትባለዋ ጠፋችብኝ። «ሰው በመልኩ ሲመዘን ያዝናል» ትያለሽ። ምን ያለው ሰው? እኔ ሰገንን ፍለጋ ነው የማነብበው። ቀጥሎም «ይህ አስተያየት በሁሉም አገር ያለ ነው» የሚል አለ። ይቺ ያንቺ አይደለችም፤ ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ የተገነጠለች ትመስላለች። እንዲህ ያለ ደረቅ አረፍተ ነገር ሳይ ከስሩ የተሰረዘ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ምን ነበር?

ቀይ የሆነውን ወረቀት መልሼልሻለሁ። አትደንግጪ፤ የቀለሜ መብዛት የፍቅሬ ልክ ነው።

ከተማ

•

ታምፐሬ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ከተማ፣

እንደ ወትሮው ጤናና ዕድሜ ከፀጋ ጋር ይስጥልኝ። ወረቀቴን ስከፍተው አንድ ሰው የቆሰለ መስሎኝ ነበር! አባባ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳቀብኝ።

ከአሥራ አራቱ ግሶች አሥራ ሦስቱን ተቀብያለሁ። አንዱን ግን አልለቅም። ትራም ውስጥ ቆሜ አንድ ሰው ከኋላዬ ጥቁሮችን በሚሰድቡበት በዚያ አስቀያሚ ስም ጠራኝ። ዞር ስል ሁሉም ስልኩን ያያል። ማን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እና «ተባልኩ» ካላልኩ ምን ልበል?

ሌላ ላጫውትዎ። ባለፈው ሳምንት ከጓደኛዬ ከአስማ ጋር ፊት ላይ የሚቀባ ፋውንዴሽን ልገዛ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጯ ደግ ልጅ ናት። ከመልኬ ጋር የሚሄደውን ስትፈልግ ክንዴ ላይ ሰባት መስመር አሰመረች፤ የሜዳ አህያ መሰልኩ። እዚህ የፊት ቀለም ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። ሲቸግራት «በአገራችሁ ይህ መልክ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ቀይ» አልኳት። ጋሽ ከተማ፣ ልጅቱ ዞር ብላ ወደ ከንፈር ቀለሙ መደርደሪያ ሄደች! አስማ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ብስል ቀይ እያልኩ አስተማርኳት፤ እሷም በደረሰኝ ጀርባ ላይ በራሷ ፊደል ጻፈችው። ስንወጣ አስማን «ጠይም፣ ደህና ሁኚ» አለቻት።

እትዬ የሺዓለምንና ምኞትዬን ሳሙልኝ።

ሰገን

•

ፒያሳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

ጌታ ሳቅሽን አያጉድልብኝ።

በትራሙ ተሸንፌያለሁ። «ተባልኩ» ይቆይ፤ ግን «ዞር ስል ሁሉም ስልኩን ያያል» የሚለውን ከኋላው አስከትይው። ባዩ ባይያዝም አብሮት ዝም ያለው ሁሉ ይታያል።

የሱቋን ታሪክ ለየሺዓለም ሳነብላት ቡና ቤት ያለን ይመስል ጠረጴዛ መታች። ታዲያ ይህንን ለምን በደብዳቤ ጠርዝ ላይ ትጥይዋለሽ? ጽሑፍሽ ውስጥ ለምን የለም? ስለ መልክ የሚጻፍ ሁሉ ጥቁር ሻሽ ማሰር አለበት ያለሽ ማን ነው? ደብዳቤሽ ላይ ያለችው ልጅ ዐይኗ ሁሉን ያያል፣ ትስቃለች፣ ትናደዳለች። ጽሑፍሽ ላይ ያለችው ግን እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። የመጀመሪያይቱን አስገቢልኝ።

ስለ አራተኛው አንቀጽ ጠይቄሽ ዘለልሽኝ። ለአራሚ የተዘለለ መስመር ከተጻፈው ይልቅ ጎልቶ ይታየዋል። ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ምን ሰረዝሽ?

ከተማ

•

ታምፐሬ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ከተማ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እባክዎ ለብቻዎ ያንብቡት።

የሰረዝኩት እናንተ ቤት የሆነውን ነው። በሐምሌ 2016 እናንተ ጋ አርፌ ሳለሁ የዕዝራ ሽማግሌዎች ልጅዎን ምኞትዬን ሊጠይቁ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። ዕዝራን በጣም እወደው ነበር። የፊዚክስ ትምህርት ሲያስረዳኝ እጁ በጠመኔ ነጭ ይሆናል። መዘምራኑ መካከል ቆሞ በዚያ ወፍራም ድምፁ ሲያዜም ምኞትዬ የራሷን መስመር ትስት ነበር። ከጋምቤላ የመጣ መሆኑን፣ በጣም ጥቁር መሆኑን እኔ ልብ አላልኩትም። ልብ የተባለው ቤት ውስጥ ነው። አዩ፣ ደግሞ ተደራጊ ግስ ተጠቀምኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ነበሩ። እኔ የለስላሳ ትሪ ይዤ ከማድ ቤቱ በር ኋላ ቆሜያለሁ። እትዬ የሺዓለም ለጎረቤታችሁ ለረይሀና ሲያወሩ ሰማሁ፦ «ልጁስ ወርቅ ነው። ግን እንዲህ ጠቁሮ ልጆቻቸው ምን ሊመስሉ ነው?» ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ትሪዬን ይዤ ወደ ሳሎን ገባሁ። እርስዎ ለሽማግሌዎቹ «እስቲ እንምከርበት» ሲሉ ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

በታምፐሬ ጥቁር የምባለው እኔ፣ እዚያ ቤት ቀይ ስለሆንኩ ምንም ሳልል ለስላሳ አዞርኩ። እትዬ የሺዓለም በእጃቸው ያጎረሱኝ ሰው ናቸው፤ እንዴት ስማቸውን በሰው አገር መጽሐፍ ላይ አወጣለሁ? ስለዚህ ሰረዝኩትና «በሁሉም አገር ያለ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አሁን አወቁት። ከፈለጉ ጽሑፉን እተወዋለሁ።

ሰገን

•

ታምፐሬ
የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ከተማ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ቀረብኝ። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የሱቅ ማስታወቂያ ብቻ ነው። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ግን መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል። «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» የሚለው ሐረግ ተመልሶ መጣብኝ።

ሰገን

•

ፒያሳ
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

እግዚአብሔር ያክብርሽ። አላስቀየምሽኝም። ደብዳቤሽን ሦስት ሳምንት እንዳልሽኝ ለብቻዬ አነበብኩት። በአራተኛው ግን አልታዘዝኩሽም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን እንዳበቃን የሺዓለምንና ምኞትን አስቀምጬ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» እስከ ስምሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ስህተት አለ፤ ልረመው። የሺዓለም ለረይሀና ያለቻት እንዲህ ነው፦ «ልጁስ ወርቅ ነው፣ ግን እንዲህ ጠቁሮ ልጆቻቸው ምን ሊመስሉ ነው፣ ይላል ከተማ። እኔ ግን አፍሬያለሁ።» አማርኛችን ባዩን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። አንቺ «ይላል» ከመባሉ በፊት ትሪሽን ይዘሽ ሄድሽ። ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መስታወት ፊት ቆሜ ጢሜን እየተላጨሁ ነው ያልኩት። የሰው ቃል ሲያርም የኖረ ሰው!

የአንቺ ቃል ተነብቦ ሲያልቅ የሺዓለም እሷ መከሰሷን ሰማች፤ «እኔ አይደለሁም» አላለችም። ፎጣዋን አጥፋ አስቀመጠችና አየችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

ምኞት «አውቃለሁ አባዬ» አለችኝ። «እማዬ ያኔውኑ ነግራኛለች። እኔና ዕዝራ የጠበቅነው አንተ ራስህ እስክትለው ነው።»

«አሁንም ትገናኛላችሁ እንዴ? እኔ የተለያያችሁ መስሎኝ...»

«ማን እንደተለያየን ነገረህ? መዘምራን ልምምድ በሳምንት አምስት ቀን አለ እንዴ?»

የሺዓለም ቀድማ ሳቀች። እኔም ተከተልኳት፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ዕዝራ ወደሚያስተምርበት ሄድኩ፤ ከሥላሴ አለፍ ብሎ ነው። በዕረፍት ሰዓት ወጣ። እጁን ሊዘረጋልኝ ሲል ጠመኔው ትዝ ብሎት በሱሪው ጠረገ።

«ዕዝራ፣ የበደልኩህን ልናገር ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ምን ብለው ነበር ጋሽ ከተማ? ከአፍዎ ልስማው።»

ነገርኩት፤ ቃል በቃል፣ አንድ ሳላስቀር። ሜዳው ላይ ተማሪው ይጮኻል፤ እሱ እጁን እንደገና በሱሪው ጠረገ። ቆይቶ «እንዲህ ጥርት ያለ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። «አንድ ዓመት ከሰባት ወር 'እስቲ እንምከርበት' የሚለውን ስተረጉም ነው የኖርኩት። ምክሩ አለቀ?»

«አለቀ። ይቅር በለኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ቀላል ነበር አልልዎትም። ግን ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱን ይለምኗቸው።»

የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲለምን አራዳ አይታ አታውቅም፤ አሳየኋት። አንዱን ቴዎድሮስ አደባባይ ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለመንኩ። የመጨረሻው ወርቅ ቤት ያላቸው ሐጂ ኡመር ናቸው። ሁሉን ሰምተው ሚዛናቸውን ገፋ አደረጉና፣ «ከተማ፣ ነገሩ ከባድ ነው። እስቲ እንምከርበት» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ደንበኛ ገባ፣ ጠየቀ፣ ወጣ፤ እሳቸው እንደጨፈኑ ናቸው። እኔ ባንኮኒውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አንድ ዐይናቸውን ገልጠው «መክረናል፤ እሑድ እንመጣለን» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ያ እሑድ ከነገ ወዲያ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። እንዳትተዪው። «ተባለ» አትበይ። «የአባቴ አጎት ከተማ እንዲህ አለ» ብለሽ ስሜን ጻፊ። አራሚው ፈቅዷል።

ከተማ

•

ታምፐሬ
ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ከተማ፣ ለእትዬ የሺዓለም፣ ለሙሽሪት፣

ደስታችሁን ጌታ ፍጹም ያድርገው! ደብዳቤውን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ። ሐጂ ኡመር ዐይናቸውን የጨፈኑበት ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ምንም ሳይገባቸው አብረውኝ ሳቁ።

እትዬ የሺዓለም፣ ያልተናገሩትን በእርስዎ ላይ አድርጌ ይህን ያህል ጊዜ በልቤ ይዤ ቆየሁ። ከእግርዎ ወድቄያለሁ፤ እንደሚያነሱኝ አውቃለሁ።

ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። የፋውንዴሽኗ ልጅ ገብታለች። ትራሙ አለ፤ ስልካቸውን የሚያዩትም አሉ። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «የአባቴ አጎት ከተማ "ልጆቻቸው ምን ሊመስሉ ነው?" አለ። እኔ ቃሉን ከማድ ቤት በር ኋላ ሰማሁ። ሰምቼም ለስላሳ አዞርኩ። ጥቁር መሆንን የተማርኩት ታምፐሬ ሳይሆን እዚያ በር ኋላ ነው፤ ያን ዕለት ግን ቀይ ሆኜ ማለፍ መረጥኩ።» ከዚያ ቀጥሎ እርስዎ ያደረጉትን ጻፍኩ። «ምናልባት» የሚል ቃል አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ስለ አየር ጠባይ ነው።

ተመርጧል! ተርጓሚዋ «ቀይ» የሚለውን በራሷ ቋንቋ ብትጽፈው አንባቢው ሰውነቴ የተቃጠለ ይመስለዋል ብላ ተጨነቀች፤ በመጨረሻ ቃሉን እንዳለ ትታው በግርጌ ማስታወሻ አብራራችው።

ምኞትዬ ቀኑን በስልክ ከነገረችኝ ጀምሮ ለሠርጉ ልመጣ ስንት ቦታ ጠየቅሁ መሰላችሁ፤ የሆስፒታል ልምምዴ የሚያልቀው በሰኔ ነው። ሁሉን ጻፉልኝ፤ ምንም እንዳይዘለል።

ሰገን

•

ፒያሳ
ግንቦት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣

የሰጠንን አምላክ አብረሽን አመስግኚ። ቅዳሜ ግንቦት 1 ቀን ምኞትን ዳርን።

የሺዓለም ደብዳቤሽን ሰምታ «ተነሺ በላት፤ ወለሉ ይበርዳል» ብላለች። መጽሐፉ ሲታተም ሁለት ቅጂ ትፈልጋለች፤ አንዱ ለረይሀና ነው።

ሙሽሮቹ መጋባታቸውን ረስተው ከመዘምራኑ ጋር ሊዘምሩ ተነሡ። ዕዝራ ወፍራሙን ድምፅ ሲይዝ ምኞት መስመሯን ሳተች፤ ምእመኑ ሁሉ አጨበጨበ። ሐጂ ኡመር ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ለጠየቃቸው ሁሉ «እኔ ነኝ የመከርኩት» ይላሉ።

የዕዝራ እናት ከጋምቤላ በአውሮፕላን መጡ። ቁመታቸው የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ሲገቡ ሳሎኑ ጠበበ። አማርኛ አይችሉም፤ ዕዝራ ያስተረጉማል። ምሳ ላይ ከጎኔ አስቀመጥናቸው። ልጃቸው የሆነውን ሁሉ እንደነገራቸው አውቄያለሁና ቀና ሳልል ወጥ አወጣላቸዋለሁ። እሳቸው እጄን ያዙ፤ ገልብጠው አዩት፤ ቀና ብለው ፊቴን አጠኑት። ከዚያ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ዕዝራ ደረቅ ሳል ሳለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም፣ ጋሽ ከተማ፤ እየመረቁ ነው።»

«ዕዝራ፣ እኔ አራሚ ነኝ። ምንም ሳትዘልል ተርጉም።»

ወደ ምኞት አየ። ምኞት «ንገረው» አለችው።

«'ደግ ሰው ይመስላሉ' አለች እናቴ። 'ግን ምስኪን፣ ምን ሆነው እንዲህ ገረጡ? እዚህ አገር ፀሐይ የለም ወይ? ልጆቹ እሳቸውን እንዳይመስሉ አጥብቀን እንጸልይ' ትላለች።»

የየሺዓለም ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እኔም የእናቲቱን እጅ ሳልለቅ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ «አሜን!» አልኩ።

ከተማ